ራሱን የደረበው ብስክሌተኛ

በሠላሳ ሰባተኛው ዙር ላይ ጸጋብ ራሱን ደረበ።

ይህ የሆነው በአህጉሩ ጨዋታዎች ሦስተኛ ቀን፣ ጣሪያ ባለው የብስክሌት መም ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። እንደሚታወቀው አንድ ተወዳዳሪ ሌላውን በሙሉ ዙር ቀድሞ ሲያልፈው «ደረበው» እንላለን። ጸጋብ ሁሉንም ደርቦ ሲጨርስ ከፊቱ የቀረው ጀርባ የራሱ ነበር። አለፈው። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ቁጥር የለጠፉ ሁለት ጸጋቦች ይዞሩ ጀመር።

እኔ የቡድን መሪ ነኝ። ደነገጥኩ። ያስመዘገብኩት አንድ ብቻ ነው።

ዳኛው ደንቡን ገልጦ አሳየኝ፤ የተደረበ ይወጣል። ባንዲራው ተውለበለበ፣ ኋለኛው ጸጋብ ወረደ። ፊተኛው ወርቅ ወሰደ።

አሠልጣኙ ጋሽ ውብሸት ወደ ወረደው ሄዱ።

«አንተ የትኛው ነህ?»

«ከቤት የመጣሁት ነኛ፣ ጋሼ።»

«ያኛውስ?»

«እኔ እንጃ። ሲያልፈኝ ‹ይቅርታ ወንድም› አለኝ።»

ጋሽ ውብሸት ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ጸጋብን ዘጠኝ ዓመት ሲያሠለጥኑት ይቅርታ ሲል ሰምተውት አያውቁም።

ሚስቱ ለተብርሃን ከመቀሌ ደወለች። በቴሌቪዥን አይታለች። የትኛውን ነው የምትመልሱልኝ አለች። የመግቢያ ባጁ አንድ፣ የአውሮፕላኑም ወንበር አንድ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋት። እንግዲያው የልጃችንን ስም ይጠይቁልኝ አለች።

ባለወርቁን ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ስደርስ ይነግሩኛል» አለ።

የተደረበው ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሳባ» አለ።

ለተብርሃን በስልኩ፣ «ሰምተዋል አይደል?» አለችኝ።

ሰምቻለሁ። ነገር ግን አገር ቤት ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ባለሥልጣናት አበባ ይዘው ይጠብቃሉ። የልጁን ስም የሚያውቅ አባት በየቤቱ ሞልቷል፤ ወርቅ ያለው አንድ ነው። ባጁን ለባለወርቁ አጠለቅሁለት። ስልኩን ዘጋሁት።

የተደረበውን ራሴ ሸኘሁት፤ ወግ ነው። ዳኛው ያመለከተኝ በር ከመሙ ሥር ነበር።

«እስከ መቼ ነው፣ አለቃ?» አለኝ።

«ደንቡ ላይ አልተጻፈም።»

በሩን ከፈትኩት። ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ብስክሌተኞች ተደርድረው ተቀምጠዋል። የአንዳንዶቹ ማልያ ዛሬ የሌሉ አገሮች ባንዲራ አለበት። ቀና ሳይሉ ጠጋ ጠጋ አሉለት። ብስክሌት የላቸውም፤ እግራቸው ግን ባዶ አየር ላይ ይዞራል፣ የሁሉም እኩል፣ ድምፅ ሳያሰማ። ጸጋብ በተለቀቀለት ቦታ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። ከዚያ ለቀቀው፤ እግሩም ከሌሎቹ ጋር ገጠመ።