ጉም የቀደመን እሁድ

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አልወድም። የአባቴን ዓይን ሐኪሙ ግላኮማ ያዘው ይላል፤ አባቴን የያዘው ግን ይሉኝታ ነው፤ ያውም ከልጅነቱ ጀምሮ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ እንኳ የጨርቁን ቀለም ደንበኛ ላለመጠየቅ ብሎ «ያምርብዎታል» እያለ ስንቱን ሸኝቷል።

አባቴ ገብረኪዳን ከሰላሌ ወደ ዲላ የመጣው በጎረምሳነቱ ነው። ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ ቤት ከፈተ፤ እኔንም እህቶቼንም ያሳደገን ያ ሱቅ ነው። ከሱቁ በር ላይ ቆመው ቀና ሲሉ የቡሌ ተራራ ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ ከታች ሆኖ አየው እንጂ አንድ ቀን ወጥቶበት አያውቅም፤ ሱቁን ለማን ይተዋል? ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ወስጄው «የሄደው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውም እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም» ሲባል ሐኪሙን አመስግኖ ወጣ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ነው የተናገረው።

«ኤልቤቴል፣ ያን ተራራ ወጥቼ ዲላን ከላይ ባያት ደስ ይለኝ ነበር። አባያ ሐይቅም ይታያል ይላሉ።»

አባቴ ለራሱ የሆነ ነገር ሲፈልግ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ እሁድ ከከተማችን ሰው ጭኖ ተራራ የሚያወጣ የጉዞ ማኅበር አለ። መሪው ይርጉ ይባላል። ሄጄ ነገርኩት፦ አባቴ የሚመጣው ለማየት ነው፣ ከቀትር በኋላ ጉም ይወርዳል፣ ከዚያ በፊት እንድረስ። «ለእኔ ተይው እህቴ» አለኝ። ተውኩለት።

ቀጠሮው አንድ ሰዓት ነበር። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ይርጉ የመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ጆንያ ቲሸርት አሸክሞ። ደረታቸው ላይ «ተፈጥሮን እናድንቅ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ሁሉም ካልለበሰ መኪናው አይንቀሳቀስም አለ። ለአባቴ ከኮቱ በላይ አጠለቀለት፤ አባቴም አመሰገነው።

ከከተማው እንደወጣን የቡና ማሳ አየንና ቆምን፤ አብረውን የተሳፈሩት ወጣቶች ቀይ ፍሬ ጆሮ ላይ እያንጠለጠሉ ፎቶ ተነሡ። ትንሽ ሄድን፤ እንሰት አየንና ቆምን። የዲላ ልጆች እኮ ናቸው፤ እንሰት ዛሬ ያዩ ይመስል አንድ በአንድ ቅጠሉን አቅፈው ተነሡ። ቀርከሃው ጋ ስንደርስ ይርጉ ራሱ አሯሯጤ አላማረኝም ብሎ ሦስቴ ሮጦ ተቀረጸ። ደሜ ፈላ።

«ይርጉ፣ ሰዓቱን ታየዋለህ?» አልኩት።

«አትቸኩይ እንጂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላልህ እግር እስኪያወጣ ጉሙ ይቀድመናል።»

ልጆቹ ሳቁ። አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገ። «ግድ የለም፣ ይጫወቱ። ወጣት አይደሉ?» አለ። ወደ ሾፌሩ ወደ ቦና ሄድኩ፤ ጥሩምባውን ንፋላቸው አልኩት። «እኔን የቀጠረኝ እሱ ነው እህቴ፤ እሱ ሳይለኝ ከነዳሁ ነገ ማን ይቀጥረኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእሱ አልፈርድም።

ቡሌ ከተማ ስንገባ ተራራው አናት ላይ ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነበር። ይርጉ ለሁሉም ጥብስ አዘዘ። ጥብሱ እስኪደርስም ተነሥቶ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ንግግር አደረገ፤ ይኸን ከራሴ አልጨመርኩም። እኔ ወጥቼ ሁለት ሞተረኞች ለመንኩ። «አሁን እናድርሳችሁ» አሉ። ተመልሼ ለአባቴ በጆሮው ነገርኩት።

«ሰው ማዕድ ላይ እያለ ጥሎ መውጣት?» አለኝ። «ነውር ነው ልጄ። ኮሩብን ይሉናል።»

«ይበሉን! የመጣኸው ለምንድን ነው?»

«ቁጭ በይ ኤልቤቴል፤ ሰው ያየናል።»

ተቀመጥኩ። ጎትቼ ማውጣት ነበረብኝ? ሰባ ዓመት የሞላውን አባቴን በሰው ፊት እንዴት አድርጌ ልጎትተው? ሞተረኞቹ ሌላ ሰው አፈናጠው ሄዱ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ጉሙ እንደ ነጭ አቡጀዲ ከፊታችን ተዘርግቷል። ዲላ የለችም፣ ሐይቅ የለም፣ የቆምንበት ሣር ራሱ ጥቂት ራቅ ሲል ይጠፋል። ልጆቹ ጉሙ ውስጥ ፎቶ ለመነሣት ተሯሯጡ፤ ለእነሱ እንዲያውም አማረላቸው። አባቴ አንገቱን ወደ ምዕራብ አቅንቶ፣ እጁን ከግንባሩ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ይርጉ ስልኩን ደቅኖበት መጣ።

«አባታችን፣ ስለ ዛሬው ጉዞ ምን ይላሉ? ያሰቡትን አዩ?»

አባቴ ቲሸርቱን አስተካከለ። «አይቻለሁ» አለ። «ጉሙ ገለጥ ሲል ዲላን አየኋት። አባያንም አይቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደክማችሁልኛል።»

ሁሉም አጨበጨቡ። ጉሙ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተገለጠም። አፌን ስከፍት አባቴ እጄን ጨምቆ ያዘው፤ ዋጥኩት። እስከ ዲላ ድረስ ይርጉን እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ።

ማክሰኞ ዕለት ከቦና ጋር ተነጋገርኩ። ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ብቻ እንወጣለን፣ ፎቶ የለ፣ ጥብስ የለ። ደስ ብሎኝ ሱቅ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። ጨርቅ እያጠፈ ነበር።

«አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«አይቻለሁ ብዬ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ልይ ብል፣ ቦና ምን ይለኛል? በሽምግልናዬ ውሸታም ልባል?»

«ይበልሃ አባዬ! ዓይንህ እኮ ነው!»

በዚህ መሐል ፍቅርአዲስ ገባች። የቤታችን የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናት፤ አርባ ምንጭ አባያ ዳር ነው ያደገችው። «ጋሼ፣ ተራራ ወጡ አሉ። አገሬን አዩልኝ?» አለችው።

«እንዴታ» አለ አባቴ፤ ፊቱ በራ። «ሐይቁ ተንጣሎ፣ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ።»

የአባያ ውኃ ሰማያዊ አይደለም፤ የሸክላ አፈር እንደበጠበጡበት ቀይ ነው። ፍቅርአዲስ ስትቀዳው ኖራ ታውቀዋለች። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ተናድጄ ነበር። አባቴ ወደ ድምፃችን ዞሮ እየጠበቀ ነው።

«አዎ» አልኳት፤ «ሰማያዊ ነው።»