የእትዬ ኤሊ ድምፅ

«እኔን ያሳደገችኝ እትዬ ኤሊ ናት» ብሎ ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ የጭነት መኪና ሹፌር ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እትዬ ኤሊ የእውነት ያሳደገቻት ሴት የሻይ ትሪ ይዛ ከፊቱ ቆማ ነበር። ሹፌሩ ማን እንደሆነች አላወቀም። አንድ ብርጭቆ አነሣና «እግዜር ይስጥሽ እህቴ» ብሏት ወደ ውስጥ ዘለቀ።

ሟቿ እናቷ ነበረች። ከሠላሳ ዓመት በፊት በወጣ አንድ የካርቱን ፊልም ውስጥ ኤሊዋን ሆና የተናገረችውም የዘፈነችውም እሷ ናት። ኤሊዋ መንገድ የጠፋባቸውን ጫጩቶች ከዝናብ ታስጠልላለች፤ እስኪተኙም እሹሩሩ ትላቸዋለች። ያን እሹሩሩ የማያውቅ ካለ ሕፃን ሆኖ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሴትየዋን ስም የሚያስታውስ ጠፋ፤ ዳቦ ሻጩም ሐኪሙም እትዬ ኤሊ ይሏት ነበር። ለቅሶዋም የእትዬ ኤሊ ለቅሶ ሆነ። የሚገባው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሊዋ፣ የሚያለቅሰውም ለኤሊዋ ነው።

ልጇ መነጽር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ስትል የምትውል፣ ለሰው ዓይን የምትጨነቅ ሴት ስትሆን የራሷ ዓይን ግን ከቀብሩ ወዲህ ደርቆ ቀረ። ጥግ የያዙት ሴቶች «ድንጋጤ ነው፣ ይወጣላታል» እያሉ ይንሾካሾኩላታል። ድንጋጤ አልነበረም። ቅናት ነበር።

እናቷ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበረች። ቀረጻ ካለባት ከዋዜማው ጀምሮ ቃል አይወጣትም፤ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ሞቅ ያለ ውሃ ስትጠጣ ትውላለች። ምግብ ሲደርስ ጠረጴዛውን ሁለቴ ታንኳኳለች፤ የመኝታ ሰዓት ሲሆን ጉንጯን በመዳፏ ትደግፋለች። ልጅቱም በእጅ ቋንቋ አደገች ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት በር ላይ ግን ልጆቹ ሲከቧት እናቷ ጎንበስ ትልና ኤሊዋን ሆና ታናግራቸዋለች። እነሱ በሳቅ ሲፈርሱ የገዛ ልጇ ቦርሳዋን አቅፋ ዳር ላይ ትጠብቃለች። ከዚያ ሁለቱ ዝም ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟት «እማዬ፣ ያንን የኤሊዋን ዝፈኝልኝ» ብላ ለምናት ነበር። እናቷ ግንባሯን ዳሰሰቻትና በጣቷ ጉሮሮዋን አሳየቻት፤ ነገ ሥራ አለብኝ ማለቷ ነው። ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ ዝፈኝልኝ ብላ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የኦርኬስትራ መሪ ለቅሶ ደረሰ። እጁን አጣምሮ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ የመጣበትን ነገር ፈራ ተባ እያለ አወጣው። የፊልሙ ሠላሳኛ ዓመት ቅዳሜ በመናፈሻው ሜዳ ላይ ይከበራል። ፊልሙ በትልቅ መጋረጃ እየታየ ኦርኬስትራው ከሥሩ ይጫወታል፤ የዘፋኞቹ ድምፅ ግን ከድሮው ቅጂ ይመጣል። ይህ ሁሉ የታሰበው እሷ በሕይወት ሳለች ነው። እሹሩሩውንም ለክብሯ ሲል ለሙሉ ኦርኬስትራና ለመዘምራን አስፍቶ ጽፎታል። አሁን ግን ቤተሰቡ ካልፈቀደ ድምፅዋን አያሰሙም፤ ሌላ ዘፋኝ ትተካለች።

«የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን?» አለች አክስት፣ የሟቿ ታላቅ እህት። «ሰው ምን ይለናል?»

መነጽር ሠሪዋ ነገ እነግርዎታለሁ ብላ ሸኘችው። በሆዷ ግን አይሆንም ብላ ጨርሳ ነበር። እንደ አክስቷ ይሉኝታ ይዟት አይደለም። ለእሷ አንድ ቀን እንኳ ያልደረሳትን ድምፅ ለሜዳ ሙሉ ሰው መርቃ መስጠት አንጀቷ እምቢ አላት።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ መጣ። የፊልሙ ድምፅ ቀራጭ የነበረ ሰው ነው። ነፍስ ይማር ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቅል አለ።

«ያቺ እንቅልፋም አንቺ ነሽ?» አላት።

«የቷ እንቅልፋም?»

ሽማግሌው ሳቀ። ለቀስተኛው ዞር ዞር ብሎ አየው፤ እሱ ግን ምንም ሳይመስለው ማውራት ቀጠለ። እሹሩሩው የሚቀረጽ ዕለት ሞግዚቷ ስለቀረች እናት ልጇን አዝላ ስቱዲዮ ገባች። ልጅቱ ረፋዱን ሙሉ በለቅሶ ስታደርቃቸው ቆይታ በመጨረሻ ማይክሮፎኑ ሥር ባነጠፉላት ካፖርት ላይ ተኛች። ዘፈኑ ያኔ እንዲህ አልነበረም። በነፋስ ማዕበል መሀል በሙሉ ጉሮሮ፣ በጡሩምባ ታጅቦ እንዲዘፈን የተጻፈ ነው። ዳይሬክተሩ ልጅቱን አውጡልኝ ቢል እናት «ልጄ አትነሣም» ብላ ድርቅ አለች። ከዚያም ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ልጇ ላይ አድርጋ፣ እንቅልፏን እንዳትረብሽ በትንሽ ድምፅ ዘፈነችው። እሱ የማሽኑን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ቢያዞረው ማሽኑ ራሱ ሽሽሽ ማለት ጀመረ። ሽሽታው ቢታጠብ ቢጸዳ ከቅጂው አልለቅ አለ። ሠዓሊዎቹ መላ ሲያጡ ሽሽታው የዝናብ ድምፅ እንዲመስል ትዕይንቱ ላይ ዝናብ ጨመሩበት። በስክሪፕቱ ውስጥ ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ሐኪም ደግሞ የቀረሽን ድምፅ ቆጥበሽ ብሊው ብሏት ነበር» አለ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤታችሁ የሚበላው ከጉሮሮዋ ነበራ።»

መነጽር ሠሪዋ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«የምታውቂ መስሏት ነው፣ ልጄ። ለአንቺ የተዘፈነውን አታውቅም ብላ መች ጠረጠረች?»

መነጽር ሠሪዋ ሽማግሌውን እስከ በሩ ደግፋ ሸኘችውና ወደ ኦርኬስትራው መሪ ደወለች። ድምፅዋን አሰሙ፤ መዘምራኑና ጡሩምባው ግን ይቅሩ አለችው። መሪው ስንት ወር እንደተለማመዱ፣ ሕዝቡም ትልቅ ነገር እንደሚጠብቅ አስረዳት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ሕፃን ተኝቷል ብላችሁ ተጫወቱት» አለችው።

መሪው እሺ አላት።

አክስት ይህን ስትሰማ በቁማችን ገደልሽን ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ቅዳሜ መነጽር ሠሪዋ ለመውጣት ስትነሣ ግን አክስቷን ጫማዋን ተጫምታ በር ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት።

«ብቻሽንማ አትሄጂም» አለች አክስት። «የምንባለውን አብረን እንባላለን።»

ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከካርቶን የተሠራ የኤሊ ልብስ ጀርባቸው ላይ ያሰሩ ልጆች በሰው መሀል ይሯሯጣሉ፤ አባቶች ከኋላ ከኋላቸው «ኤሊ ቀስ ነው የምትሄደው!» እያሉ ያሳድዳሉ። ሁለቱ ጥቁር ለባሾች ዳር ላይ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለች የማያውቋት ሴት አንዲት ትንሽ ልጅ አስተኝታ ጀርባዋን ቸብ ቸብ ታደርጋለች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፊልሙ ተጀመረ። እሹሩሩው ጋ ሲደርስ ኦርኬስትራው አንድ በአንድ እየቀነሰ ሄዶ ጥቂት ክራሮች ብቻ የቀሩ ያህል ለሰለሰ፤ መጋረጃው ላይ ዝናቡ መጣ፤ በዝናቡ ውስጥም የእናቷ ድምፅ። ሰው አብሮ ይዘፍናል ብላ ፈርታ ነበር። ጥቂቶች ጀምረውም ነበር፤ ድምፁ እንዲያ ቀጭን ሆኖ ሲሰሙት ግን እነሱም ተዉት። መነጽር ሠሪዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን እንደ ባለቤት ሰማችው። እናቷን ወደደቻት፤ ናፈቀቻትም፤ ይቅር በይኝ የምትላት እናት እንደሌለች ገባት። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። አክስቷ ሳታያት እጇን ያዘቻት።

ዘፈኑ አለቀ። ሰው ሁሉ እየተነሣ ማጨብጨብ ጀመረ። አክስትም እያለቀሰች ተነሣች። አጠገባቸው ያለችው ሴትም ልጇን ሣሩ ላይ ትታ ቆማ ታጨበጭባለች። ጭብጨባው እየጋለ እንደ ማዕበል ሲመጣ ትንሿ ልጅ በእንቅልፏ ፊቷን አጨፈገገች።

መነጽር ሠሪዋ አልተነሣችም፤ አላጨበጨበችም። ጎንበስ ብላ የልጅቱን ሁለት ጆሮዎች በመዳፎቿ ሸፈነች። ጭብጨባው እስኪያበቃ ድረስም እጇን አላነሣችም።