ቲሳ ወንዝ ላይ የተጨመረችው ጀልባ

ሠዓሊው ቦልዲዣር በሞተ በዓመቱ ሥዕሎቹ ሶልኖክ ከተማ ውስጥ ለሕዝብ ቀረቡ። በሕይወት ሳለ «ሐምራዊ ውሃ የት አለ?» እያሉ የሳቁበት ሰዎች ዛሬ አጨበጨቡ። ሚስቱ ኤተልካ ይህንንስ ችላዋለች። የቲሳ ወንዝ ሥዕል ፊት ስትደርስ ግን ደሟ ፈላ፤ ባዶው ውሃ ላይ ቀይ ጀልባ ተቀምጣለች።

«ይህቺን ማን ጨመራት?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ሥዕል ሻጩ ቪልሞሽ። «ባዶ ውሃ ማን ይገዛል?»

«እሱ ብርድ ላይ ቆሞ የሣለውን አንተ ልታርምለት?»

የአንገት ልብሷን ፈትታ ጀልባዋን ትፈትግ ጀመር። የጀልባዋ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

«ያዟት! ሥዕሉን አበላሸችው!» ብሎ ጮኸ ቪልሞሽ።

«ያበላሸኸውስ አንተ!» አለች እጇን ሳታቆም። ማንም ሊይዛት አልደፈረም።

ጀልባዋ ሙልጭ ብላ ስትጠፋ፣ ቀለም የነካውን የአንገት ልብሷን ቪልሞሽ ደረት ላይ ወርውራ ወጣች።