የእትዬ መርፌ ሂቢስከስ

ሰፈሩ እትዬ መርፌ የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ ሂቢስከስ የሚባለውን የአበባ ዛፍ ከችግኝ ሻጭ የገዙት «ነጭ ነው» ተብለው ነው። ዕድሜያቸውን ክር ከጨርቅ ሲያዛምዱ የኖሩ ናቸውና በቀለም ቀልድ አያውቁም። ሥሩን በደረቅ ቅጠል እየሸፈኑ፣ ተባዩን በሳሙና ውሃ እያጠቡ፣ ቅርንጫፉን እየከረከሙ አሳደጉት። ቁመቱ ከአጥሩ በለጠ፤ አበባ ግን ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ጠዋት ብቅ ቢሉ አንድ አበባ ነጭ ሆኖ ፈክቷል። ወዲያው ለልጃቸው ደወሉ።

«ነጭ አበባ አበበልኝ! ነይና እዪልኝ!»

ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ መጣች። አበባው ቀይ ነው፣ ያውም ደማቅ ቀይ።

«እማዬ፣ ነጭ ነው አላልሽኝም?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነጭ ነበር!»

ልጅቷ ወደ ማድቤት ገብታ ምድጃው መጥፋቱን አረጋገጠች። በቅርቡ እናቷ ድስት ጥደው ረስተው ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። ያን ጊዜ እሷና ወንድሟ «እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ቤቱ ይሸጣል፤ እኛ ጋ ትገቢያለሽ» ብለዋቸዋል።

በማግስቱ እትዬ መርፌ ገና ሳይነጋጋ ወጡ። ቀዩ ተጠቅልሎ መሬት ወድቋል፤ ሌላ አበባ ፈክቷል፣ ነጭ። ማታ ቢያዩት ቀይ። ግራ ገባቸው። ነጭና ቀይ ክር አውጥተው መስኮቱ አጠገብ አስተያዩ፤ ነጩም ነጭ ነው፣ ቀዩም ቀይ። ታዲያ ያበደው ማነው፣ እሳቸው ወይስ ዛፉ? ፈሩ። ከቤቴ የሚያስወጣኝ ይሄ ጉደኛ ነው ብለው መጥረቢያ እስከ ማንሳት ደረሱ፤ እጃቸው ግን እምቢ አላቸው።

ልጅቷ በእረፍት ቀኗ የቤቱን ሽያጭ ልታነሳባቸው በጠዋት መጣች። እትዬ መርፌ ወንበር ጎትተው ዛፉ ፊት አስቀመጧት።

«መጀመሪያ ይሄን እዪ። ከዚያ የፈለግሽውን ትያለሽ።»

አበባው ነጭ ነበር። ረፋዱም ላይ ያው ነው። ከቀትር በኋላ ጫፍ ጫፉ ቀላ አለ። ልጅቷ ስልኳን ረሳችው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቀይ ሆኖ ቁጭ!

«ወይ ጉድ! እማዬ፣ እውነትሽን ነው እኮ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

እትዬ መርፌ ግን አልሳቁም። ደስ ሊላቸው ሲገባ ሆዳቸው ባባ፤ ለምን እንደሆነ ለራሳቸውም አልገባቸውም ነበር፣ አፋቸው እስኪናገረው ድረስ።

«ለአበባው ቀኑን ሙሉ ቁጭ አልሽለት» አሉ። «እኔ ላይ ግን ቆመሽ ነው የፈረድሽው።»

ልጅቷ ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች።