የጉድጓዱ ተረካቢዎች

የአዳማው ሆቴል የግንባታ ውል ማክሰኞ ጠዋት እንደተፈረመ፣ በቦታው ላይ የነበረው ጉድጓድ ተነሥቶ ወደ ሥራ ተቋራጩ ቢሮ ሄደ። አፉ አንድ በሬ የሚያስገባ፣ ታቹ የማይታይ ጉድጓድ ነበር። ያረፈው ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ግዛቸው ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ምንጣፉ መሃል ላይ ነው። ውሉ "ከመሬት በታች ለሚያጋጥም ማናቸውም ችግር ኃላፊው ሥራ ተቋራጩ ነው" ስለሚል፣ በመምጣቱ ማንም አልተገረመም።

የተገረመ ባይኖርም የተናደደ ነበር። ኢንጂነር ፀዳለ በድርጅቱ ውስጥ ሥራዋ ውሎች ከመፈረማቸው በፊት ሥጋታቸውን መመዘን ነው። ስለ ጉድጓዱም አስቀድማ ጽፋ ነበር፤ የሆቴሉ ባለቤት ቦታውን ሲገዛ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ድንጋዩም አለው፣ ሞልቶ ያስረክበን ብላ። ሥጋትን መሸከም ያለበት ሊከላከለው የሚችል ነው የሚለውን የሙያዋን የመጀመሪያ ትምህርትም ከታች አክላበታለች። አቶ ግዛቸው ግን ሆቴሉን እንጂ ወረቀቷን አላዩም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ልዩነቱ በሬ ገደሉን ለሌላ በሬ ማስተላለፍ አለመቻሉ ነው።

አቶ ግዛቸው ቻሉበት። በዚያው ሳምንት የመሠረቱን ሥራ ለንዑስ ተቋራጩ ለአቶ በዳሳ ሰጡ፤ በውሉም ላይ "የዋናው ውል ግዴታዎች እንዳሉ ይተላለፋሉ" የምትል አንዲት መስመር ገባች። ጉድጓዱ ከቢሮው ወጥቶ አቶ በዳሳ ሳሎን ውስጥ ተገኘ። አቶ በዳሳም አንድ ሶፋ ከገባባቸው በኋላ ቁፋሮውን ለካቦው ለዘሪሁን በኮንትራት ሰጡ። ዘሪሁን የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩ ጉድጓድ አላስገባም አለ። ያን ጊዜ አቶ በዳሳ ዋስ አምጣ አሉት።

ዋስ የሆኑት አክስቱ ወይዘሮ ብዙነሽ ናቸው። የእህቴ ልጅ ዋስ አጥቶ ሥራ ይቅርበት ወይ ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄደው ፈረሙ። ምን እንደሚፈርሙ አልጠየቁም። በዚህ አገር ዋስ ሲኮን ወረቀቱን ማንበብ ዘመድን መጠርጠር ነው። ቤታቸው ሲመለሱ ጉድጓዱ ቀድሟቸው ደርሶ፣ በአልጋቸውና በቁም ሳጥናቸው መካከል ቦታውን ይዞ ነበር።

ፀዳለ ይህን ከዘሪሁን ሰምታ ልታያቸው ሄደች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ወይዘሮ ብዙነሽ ግድግዳውን ታክከው ዞረው ወንበር አቀረቡላት። ጉድጓዱ ቀስ እያለ እየሰፋ እንደሆነ፣ የአልጋው አንድ እግርም አየር ላይ እንደቀረ ነገሯት። ጎረቤት ይደሩ ስትላቸው እምቢ አሉ፤ የቀበሌ ቤት ባዶ ካደረ ለሌላ ይሰጣል። ጠዋት ጠዋት የምድጃቸውን አመድ በባልዲ እየደፉበት ነው።

"በአመድ ይሞላል ብለው ነው፣ እማማ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ያለኝን ነው የምሰጠው።"

ፀዳለ ባልዲውን እያየች ተናደደች። የሆቴሉ ባለቤት የድንጋይ ካባ አለው፣ አቶ ግዛቸው ገልባጭ መኪና አላቸው፣ አቶ በዳሳ ሠራተኛ አላቸው። ጉድጓዱ ግን ሁሉንም አልፎ ባልዲ ካላቸው ሴትዮ ቤት ገባ። ሰው እንዴት ይህን እያየ ምሳውን ይበላል?

በነጋታው አቶ ግዛቸው ዘንድ ገባች። ምንጣፉ ተጠግኖ፣ በላዩ ላይ አዲስ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል።

"ሥጋቱ አሁን የት ነው?" አሏት።

"አንዲት አሮጊት አልጋ ሥር።"

"እንግዲያ ከእኛ ጋር የለም ማለት ነው።"

"ሊገድላቸው ነው።"

"በሥጋት ሰንጠረዡ ላይ 'ዝቅተኛ' በይው። ድርጅቱን አይነካም።"

"ትንሽ አያፍሩም?"

አቶ ግዛቸው ጥያቄውን በጥሞና አሰቡበት። ከዚያ እንዲህ ያለ ግዴታ በውሉ ውስጥ እንደሌለ ገለጹላት።

ፀዳለ ስትወጣ በሩን በኃይል አልዘጋችም፤ በዕድሜዋ እንዲህ ተናዳ ስለማታውቅ እንዴት እንደሚናደዱም ጠፍቷት ነበር። ዋስ ግን ይቀየራል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘሪሁንን ይዛ አቶ በዳሳ ዘንድ ሄደች፤ በወይዘሮ ብዙነሽ ምትክ ዋስ ሆና ፈረመች፣ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ቤቷ ገብታ የሳሎኑን ጠረጴዛ ወደ ጥግ ገፋች። ምንጣፏን ጠቀለለች። ድንጋይ የጫነ መኪና ለሰኞ አዘዘችና ጉድጓዱን ትጠብቅ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ወለሏ እንደነበረ ነው። መንገድ ላይ ይሆናል ብላ ቁርሷን በላች። እስከ ምሳ ድረስም አልመጣም። ያን ጊዜ ሙያዋ ትዝ አላት። ሥጋት የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ይከላከሉታል፣ ወይ ይደርሳል። የደረሰ ሥጋት ደግሞ ለማንም አይተላለፍም።

የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ ሳታስር ሄደች። የወይዘሮ ብዙነሽ በር ገርበብ ብሏል። በውስጡ አልጋ የለም፣ ቁም ሳጥን የለም፣ ጉድጓድም የለም። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነው። በእግሯ ጫነችው፤ አልሰረጎደም። በሥራዋ ላይ ብታገኘው ሳታመነታ የምታጸድቀው ዓይነት ወለል ነበር። ጎረቤቶች ምንም አልሰሙም። እሷም ለማን አቤት እንደሚባል ስላላወቀች፣ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመችና እንደ ማንኛውም እንግዳ ተጣራች።

"ቤቶች!"

ትንሽ ቆይቶ ከወለሉ ሥር፣ በጣም ከታች፣ የወይዘሮ ብዙነሽ ድምፅ መለሰላት።

"ደጆች! ግቡ፣ ግቡ።"