ሰባት አሻራ

ጋሼ ይታየውን እጠላቸዋለሁ። እየጠላኋቸውም አንቱ እላቸዋለሁ፤ እናቴ እንዲያ አድርጋ ስላሳደገችኝ እንጂ ተገብቷቸው አይደለም። ይሁንና በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው የባሰ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ብናገረው ይሻላል። የአንዲት ሴትና የባሏን ስም ለውጬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ጋሼ ይታየው የጓሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጓሳ የአካባቢው ሰው የጋራ መስክ ነው፤ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ጣራ የምንከድንበት ሣር ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። ያን ጊዜ ከየቤቱ አንድ ሰው ማጭድ ይዞ ወጥቶ ድርሻውን ያጭዳል። ዘንድሮ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰውዬው ደጄ ድረስ መጡ። በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ እንዳላዩ ሆነው ቆሙ።

"ወሰንየለሽ፣ አንቺና ጌታነሽ፣ ዳኜም፣ ዘንድሮ ማጭድ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ሰው ፈርቷል።"

"ምን ፈራ?"

"ማጭድ እጅ ይቆርጣል። ደማችሁ ሣሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሣሩ የሰው ጣራ ላይ ይወጣል። በልጆቻችን አናት ላይ ማለት ነው እኮ።"

ሳቅሁ። የንዴት ሳቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ኤች አይ ቪ በደሜ ያለ ሰው ነኝ እያልኩ፣ በየገበያው በድምፅ ማጉያ ለፍልፌአለሁ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ለአልጋ አጋሩ እንኳ እስከማያስተላልፍ ይደርሳል ብዬ ለእኚሁ ሰውዬ ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተውኛል።

"ድርሻችንስ?" አልኳቸው።

"ሌላ ሰው ያጭደዋል።"

"ለኛ?"

"ለራሱ ነዋ። ለናንተ ብሎ ማን ጀርባውን ያጎብጣል?"

የጌታነሽ ጣራ ባለፈው ክረምት ግማሹ ተቦጭቆ ልጇን ይዛ ከጥግ ጥግ ስትሸሽ ነው የከረመችው። ባሏ ከሞተ በኋላ እንቁላሏን የሚገዛት እንኳ የለም፤ የልጇ ጓደኞች አብረውት መቀመጥ ትተዋል። የመጣው ይምጣ እንጂ ይህን ሣር ሳላስመልስ አልተኛም አልኩ።

በአገራችን ደንብ የጓሳ አቤቱታ የሚሰማው ከደብሩ ሰባት አባወራ ወይም እማወራ አሻራውን ሲያሳርፍበት ነው። ከሌላው ሰው ለኛ የሚፈርም የለም፤ እኛ በገሃድ የምንታወቅ ደግሞ ሦስት ነን። እኔ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ማኅበር ሊቀመንበር በመሆኔ፣ በድብቅ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ያሉባቸውን ሌሎች አራት ቤቶች አውቃለሁ፤ በስም የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ከአራቱ የሦስቱን ተለማምጬ አስፈረምኩ። አራተኛዋ አማከለች ናት።

አማከለች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ፈንታም እንደሷ መድኃኒት ላይ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጃቸው ነፃ ናት። ከባሏ እናት ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ። አማቲቱ ቢያውቁ ልጅቱን ነጥቀው ሁለቱን እንደሚያባርሯቸው አማከለች አትጠራጠርም፤ እኔም አልጠራጠርም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ "እህቴን ልጠይቅ" ብላ ራቤል ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። እዚያው ራቤል፣ መድኃኒቷን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ጠበቅኋት።

"እትዬ ወሰንየለሽ፣ እኔን ድርሻዬን የከለከለኝ የለም። ለምን እገባበታለሁ?"

"እኛ እንሰደብልሽ፣ አንቺ ጣራሽን ክደኚ። ይኼ ነው አይደል?"

"ልጄን አስቢልኝ።"

"የጌታነሽስ ልጅ ልጅ አይደለም?"

አለቀሰች። እኔ ሰው ሲያለቅስብኝ ይብስብኛል። ፈሪ ናችሁ፣ እናንተ ስትደበቁ ነው እኛ የምንረገጠው አልኳት። ከኮሚቴው እጅ አይወጣም ብዬም ቃል ገባሁላት። የማኅተሙን ቀለም አቀረብኩ። እጇን ወደኋላ ስትስብ አንጓዋን ይዤ ጣቷን እኔው አሳረፍኩት። ተሸማቅቃ ስትሄድ እያየሁ ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ እስከዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ጥብቅ ምስጢር" ብዬ ጻፍኩ። ደብረ ብርሃን የማኅበሩ ሥልጠና ላይ ምስጢር እንዲህ ይጠበቃል ተብለን ነበር። ለጋሼ ይታየው ስሰጣቸው "ለኮሚቴው ብቻ ነው" አልኳቸው። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩትና ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺታ አደረግሁት።

በማግስቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ገና ከቅጥሩ ሳይበተን፣ ጋሼ ይታየው ከጥዱ ዛፍ ሥር ቆመው እጃቸውን አነሡ። ጓሳ የሚከፈትበትን ቀን ተናገሩ። ከዚያ ፖስታውን አውጥተው ለቄስ ኪዳነ ወልድ ሰጧቸው።

"ምስጢር ይላል እኮ" አሉ ቄሱ።

"ጓሳ የሁላችን ነው፤ ምን ምስጢር አለው? አቤቱታ እንደሆነ እንደ ደንቡ ይነበባል። ያንብቡት።"

እዚህ ነው ያደግሁት። የጓሳ አቤቱታ ሁሉ እዚህ ቦታ፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲነሣ፣ በጆሮዬ እየሰማሁ ሲነበብ ኖሯል። የአባቴ ሙግት እንኳ እዚሁ ነው የተነበበው። አንዲት ቀይ እስክሪብቶ ይህን ሁሉ የምትሽረው መስሎኝ ነበር! ልሮጥና ልነጥቃቸው አሰብኩ፤ ቄሱ ግን ማንበብ ጀምረው ነበር።

"እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው፣ ቫይረሱ በደማችን የሚገኝ የማኅበሩ አባላት..." ቄሱ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። "አንደኛ፣ ወሰንየለሽ። ሁለተኛ፣ ጌታነሽ። ሦስተኛ፣ ዳኜ።"

ማንም ዞር ብሎ አላየንም። የኛ ነገር ለማንም አዲስ አይደለም።

"አራተኛ፣ አማከለች..." ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "የፈንታ ባለቤት።"

ፈንታ ከወንዶቹ መካከል ዱላውን ተደግፎ አንገቱን ደፋ። አማቲቱ አማከለች አጠገብ ነበሩ። ልጅቱን ከእናቷ እጅ ፈልቅቀው ወሰዱና ሦስት እርምጃ ራቁ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶችም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ፈቀቅ አሉ። አማከለች ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

"ውሸት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ።

"ከአራተኛው ጀምሮ ያለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሰባት አልሞላ ሲለኝ የሰው ስም ሰርቄ ጻፍኩ። አይነበብ!"

"አሻራውስ?" አሉ ጋሼ ይታየው።

"የኔው ጣት ነው። አንዴ አውራ ጣቴን፣ አንዴ ሌባ ጣቴን እያቀያየርኩ።"

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን ስድብ አልደግመውም። አንዱ "ሰው ልታጋድል ነው እኮ!" ይላል፤ ሌላው "ድሮም ዓይን አውጣ ናት!" ይላል። ከኋላዬ ጓል ተወርውሮ ትከሻዬን መታኝ።

"ትማል" አሉ ጋሼ ይታየው።

ቄስ ኪዳነ ወልድ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ልጄ፣ በሐሰት ብትምይ ዕዳው የነፍስሽ ነው" አሉኝ። በሰው ፊት ፈርቼ አላውቅም፤ መስቀሉን ግን ፈራሁት። "አሻራው የኔ ነው፤ ሴትዮዋ ምንም አታውቅም" ብዬ ማልኩና ተሳለምኩ።

ቢሆንም አልበቃም። አማቲቱ ልጅቱን እንደያዙ ናቸው፤ ሰዉም አማከለችን እያየ ነው። መሐላዬን የሚያጸናልኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ እኔም አፈጠጥኩባት። ነይ፣ ምቺኝ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

መጣች። ሴቶቹን እየገፋች መጥታ በጥፊ አለችኝ። ለማስመሰል አልነበረም፤ ጆሮዬ ጭው እስኪል ነው የመታችኝ።

"ይቺ ሴትዮ! የራሷ ቤት ቢፈርስ ጊዜ የኔን ልታፈርስ! ምን በደልኩሽ? ስሜን ምን አድርጎሽ ነው የምታነሺው?" በሁለተኛው ጥፊ ነጠላዬ ወደቀ። ያዟት።

ጋሼ ይታየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስምሽ ጠፍቷል። ምን ካሳ ይደረግልሽ?"

አማከለች ልጇን አየች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

"ጓሳ ድርሽ እንዳትል። እሷም፣ ቢጤዎቿም። ደማቸው ጣራዬ ላይ አይውጣ።"

"ይሁን!" አለ ሕዝቡ። ኮሚቴው እዚያው ወሰነ፤ እኛ ሦስታችን ዘንድሮም ወደፊትም ጓሳ ውስጥ ማጭድ አንይዝም፤ የኔ ድርሻ ካሳ ሆኖ ለአማከለች ይሰጣል። አማቲቱ መጥተው ልጅቱን መለሱላት፤ የአማከለችንም አገጭ ዳበስ አድርገው "አይዞሽ ልጄ" አሏት።

ጥፊውን ይገባኛል ብዬ ተቀብያለሁ። "ቢጤዎቿም" ያለችው ግን አንገበገበኝ። ጌታነሽ ምን አጠፋች? ዳኜስ? አማከለች መድኃኒቷን የማሽላ ዕቃ ውስጥ እንደምትደብቅ አውቃለሁ። ሂዱና ዕቃውን ገልብጡት ብል ይበቃኝ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አማከለች አወቀችብኝ። ልጇን ጭምቅ አድርጋ አቅፋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ የምትለምነኝም የምትረግመኝም ትመስላለች።

"የምትይው አለሽ?" አሉኝ ጋሼ ይታየው።

"የለኝም። አጥፍቻለሁ።"

ነጠላዬን ከመሬት አንሥቼ ወጣሁ። ዳኜ ፊት ፊት ሄደ፤ ቢጠሩትም አይዞርም። ጌታነሽ ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ከኋላዬ ተከተለችኝ። ስለ ጣራዋ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ።

"ወሰንየለሽ" አለችኝ መጨረሻ ላይ። "እነዚያ አራቱ እውነት የሉም?"

መራመዴን ቀጠልኩ።

"አንቺ ሰባት ነን ስትዪኝ ጊዜ እኮ... ገበያ ስወጣ፣ ፊቱን ባዞረብኝ ሰው ሁሉ መካከል፣ ይሄኔ ከነዚህ አንዷ እንደኔ ናት፣ ታዝንልኛለች እል ነበር። ማን ትሆን እያልኩ ፊት ፊታቸውን አይ ነበር። አንዷም የለችም?"

በዓለም ላይ አንድ ጓደኛ ቢኖረኝ ጌታነሽ ናት። ይህች ሴት አራቱ የሉም፣ ዋሽቼሻለሁ ብላት በቁሟ እንደምትሞት አውቃለሁ፤ እውነቱን ብነግራት ደግሞ በሚቀጥለው ገበያ የአማከለችን ፊት አይታ ማልቀሷ አይቀርም፤ ያኔ ሰው ሁሉ ያውቃል።

"የሉም" አልኳት። "ሦስት ነን።"