በቆርቆሮው በር ላይ ሁለት ኤሌክትሮኖች

መምህር ገነነ ፍኖተ ሰላም ላይ ካስነጠሰ ደምበጫ «ይማርህ» ትላለች። ግማሽ ጎጃምን በአንድ ጠመኔ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው። ሰሞኑን ደግሞ ዓለም ያቃተውን ፈታሁ አለ፤ በብርሃን ፍጥነት ጥግ የሚከንፉ፣ እርስ በርስ የሚገፋፉ የሁለት ኤሌክትሮኖችን እኩልታ። የአንዱን ብቻውንማ ሰው ከፈታው ቆይቷል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሊቁ ሁሉ አቀርቅሮ የቀረው።

ወሬው እሱ ከተሳፈረበት አውቶቡስ ቀድሞ የትውልድ ከተማው ቡሬ ገባ። እናቱ እናኑ የሚካኤልን ዝክር ደግሰው፣ ካባ ተውሰው ጠበቁት። ገነነ ካባውን እንደ ደረበ እኩልታውን በቆርቆሮው በር ላይ በጠመኔ አንቆረቆረው። እንግዳው አፉን ያዘ፤ ከአጥር ማዶ ያለው በሬ ሳይቀር ማመንዠጉን ተወ።

ያን ጊዜ አምለሰት ገባች። የገነነ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ባሕር ዳር ለዶክትሬት ታጠናለች። በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

ገነነ ጣቷ ለምን እንደ ቆመ ያውቃል። መገፋፋታቸውን የሚገልጸውን ክፍል፣ አልፈታ ሲለው፣ እዚያች መስመር ላይ ሹልክ አድርጎ ጥሎታል። የቀረው እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ሁለት ኤሌክትሮን ነው።

«ልንመርቀው ነው፤ ልክ ነው ወይ ልጄ?» አሉ ቄስ ክንፈሚካኤል።

አምለሰት አቀረቀረች። «ቲቸር ከጻፉት... አዎ፣ ልክ ነው አባ።»

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች «ያላመንሽበትን ልክ ነው እንዳትይ» ያላት እሱ ነበር። አሁን ለእሱ ስትል በዝክር ፊት ዋሸች። ቄሱ መስቀላቸውን አነሱ።

«ይቆዩኝ አባ» አለ ገነነ። ያ ደምበጫ የሚደርስ ድምፅ ደጃፉን አልተሻገረም። «አልፈታሁትም። ሁለቱ ይገፋፋሉ፤ እኔ እንደማይተዋወቁ አድርጌ ጻፍኳቸው። እሷም አይታዋለች፤ ለእኔ አፍራ ነው።»



«ከተገፋፉማ ሽማግሌ ይላክባቸዋል እንጂ ይጣላሉ እንዴ?» አሉ ከጥግ ጋሽ አለበል የሚባሉ አዛውንት።

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ገነነም ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው። ካባውን ሊያወልቅ ሲታገል ማሰሪያው ያዘው። አምለሰት ጠጋ ብላ አላቀቀችለት። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«በል ቁጭ በልና ብላ» አሉ እናቱ ካባውን እያጠፉ። «ይኸንንስ ጠላ ሳይነካው እንመልስ።»